የሃምራቪክ ብቸኛ ጓጉንቸር

ሃምራቪክ፣ እሑድ ኦክቶበር 24 ቀን 2004

ትናንት ጓጉንቸሩን ባሕር ውስጥ ጣልኩት።

ውድ ልጄ ስቫላ፣

እናትሽ ደብዳቤ ሲመጣላት ከመጨረሻው መስመር ነበር ማንበብ የምትጀምረው። አንቺም እንደዚያው ነሽ። ስለዚህ የከፋውን ከላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ አሁን ረጋ ብለሽ ከመጀመሪያው አንብቢ። ጤና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አምናው ነው። ድመቷም ደኅና ናት፤ ከሄድሽ ወዲህ አንቺ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው።

በኦገስት ለዕረፍት ስትመጪ መጋዘኔ ውስጥ፣ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ያለውን ዕቃ ያየሽው ሻንጣሽን እንኳ ሳታስቀምጪ ነው።

«አባዬ፣ ይኼን ማን አይቶታል?»

«እኔ፣ አንቺና ድመቷ።»

«ድመቷ ችግር የለም። ሌላ ሰው ግን እንዳያየው።»

ከዚያ ቁጭ አድርገሽ አስረዳሽኝ። ኖቬምበር አንድ ቀን አገራችን የአውሮፓ የጋራ ፓተንት፣ የፈጠራ መብት ማስከበሪያው ውስጥ ትገባለች። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ለብዙ አገር ይሠራል። የእኔም ዕቃ ከሃምራቪክ ተነሥቶ እስከ ፖርቱጋል መብቱ ይጠበቅለታል። ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት ሰው ካየው ግን አዲስ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

«ዕቃ ስለታየ አይሞትም» አልኩሽ።

«በእኛ ሕግ ይሞታል» አልሽኝ።

ለዚህ ቀን ፓተንት ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለፉ እንደኖራችሁ አውቃለሁ። ቢሮሽ ስደውል እንኳ «አባዬ፣ አንድ አንቀጽ ልጨርስ» ብለሽ ታስጠብቂኛለሽ፤ የምትተረጉሙት ሕግ ማለቂያም የለው። የእኔን ወረቀት በኦገስትም ማስገባት ይቻል ነበር፤ ራስሽ ነግረሽኛል። «ግን አባዬ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ወረቀት ያንተ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አልሽ። ይህን ስትዪ ፊትሽ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ነበር። እሺ አልኩ። አሁን ታዲያ «እኔ ነኝ ያዘገየሁት» ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዕቃዋን ታውቂያታለሽ። መዳፍ የምታህል ብረት፣ አንድ የበር ሞላ፣ አንድ እጀታ። መንጠቆውን ከጀርባው ትይዘዋለች፤ ለማጥመጃ የሚሰካውን የሄሪንግ ዓሣ ቁራጭ በመዳፍ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፣ ጣት ከስለቱ ዘንድ አይደርስም። እኔ በአንድ ትንፋሽ የምናገረውን አንቺ አሥራ አንድ ገጽ አደረግሽው። ሥዕሉን ስትሥዪ እጀታውን ለካሽና ቀና አልሽ።

«አባዬ፣ ይኼ ላንተ እጅ ያንሳል እኮ። ለምንድን ነው?»

«ብረት አጠረኝ» አልኩሽ።

ልኩን ጻፍሽ።

ልትሄጂ ስትይ ከነዳጅ ማደያው ያን ጓጉንቸር ገዝተሽ ሰጠሽኝ። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ያንቺም የእኔም። ሃምራቪክ ውስጥ በር አይቆለፍም። ቤተ ክርስቲያኑም አይቆለፍም። ዕቃውን ጨርቅ ጣል አድርጌበት መደርደሪያ ላይ ብተወው ኖሮ አሥር ዓመት ማንም ዘወር ብሎ አያየውም ነበር። እኔ በሩን ስቆልፍ መንደሩ ዐይኑን ከፈተ።

በሦስተኛው ቀን ሃቭሊዲ መጣ። ታውቂዋለሽ፣ ጀልባውን ከሸጠ ወዲህ የሰው ሥራ እየዞረ የሚያይ ሽማግሌ ሆኗል።

«ኮልቤን! ሞተህ ነው የመሰለን።»

«የሞተ ሰው ከውጭ ይቆልፋል?»

«ከማን ነው የምትቆልፈው? ከበጎቹ?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ገባኝ» አለና አፍንጫውን የበሩ ስንጥቅ ላይ ደገነ። «አረቄ እያወጣህ ነው። እኔ ለማንም አልተነፍስም። አንድ ጠርሙስ ብቻ።»

በሳምንቱ አራት ሰዎች ባዶ ጠርሙስ በኮታቸው ደብቀው መጡ። ቄሱም መጡ። ጠርሙስ አልያዙም፤ ግን ብዙ ቆዩ።

ያልጠየቀችኝ ሴሴልያ ብቻ ናት። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስድስት ክረምት ሙሉ እኔ መጋዘን ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ነው መንጠቆ ላይ ሄሪንግ ስትሰካ የኖረችው። እሷ ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ እኔ ምድጃውን አነዳለሁ። ብዙም አናወራም። ጓጉንቸሩን ባየች ማግስት የመንጠቆ ገመዱን የምትጠቀልልባቸውን ገንዳዎቿን በጋሪ ጭና ወደ ሃቭሊዲ የጀልባ ቤት ወሰደች። እዚያ ምድጃ የለም። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እዋሻት ነበር፤ አለመጠየቋ ባሰ። ሱቅ ስንገናኝ «በረደ» ትላለች፣ «በረደ» እላለሁ። ዘጠኝ ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ሬዲዮውን ከፈትኩት። ጣቢያው እሷ እንደተወችው ነው። አልቀየርኩትም።

ጣቶቿ ከአምና ጀምሮ በደንብ አይታጠፉም። ቁርጥማት ነው። ስኒዋን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። ይህን አንቺ አላየሽ ይሆናል።

ትናንት የክረምት መጀመሪያ ቀን ነበር፤ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ረፋዱ ላይ ሃቭሊዲ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። አልቀለደም።

«ሴሴልያ መንጠቆ አውራ ጣቷ ውስጥ ገብቶ አልተሰማትም። እጇ በድን ሆኗል። ሄሪንጉ ላይ ደም ስታይ ነው ያወቀችው። ልውሰድሽ ብላት እምቢ አለችኝ።»

ሄድኩ። የመንጠቆውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁላት። አላለቀሰችም፤ ሰደበችኝ። ክንዷን ይዤ ወደ መጋዘኑ አመጣኋት። በሩ ጋ ስንደርስ ጓጉንቸሩን አይታ ቆመች።

«እዚህ መግባት የተከለከለ መስሎኝ» አለች።

ከፈትኩ። ምድጃውን አነደድኩ፣ ጣቷን አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩ። ከዚያ ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርጄ ደኅናው እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ለኖቬምበር አንድ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። ረስቼው አይደለም።

አገላበጠችው። መንጠቆ ያዘችበት፣ ሄሪንግ ገፋ አደረገችበት። ሌላ ደገመች። ሃያ ያህል ሠራች።

«ይኼን ነው የደበቅከው?»

«አዎ።»

«ከኔ?»

«ከሰው ሁሉ። ስቫላ ናት ያዘዘችኝ፤ ሕጉ ነው።»

«እኔ ሰው ሁሉ ነኝ?»

ምድጃውን ቆሰቆስኩ።

በሩ ክፍት መሆኑን ያየ ሁሉ ገባ። ሃቭሊዲ ጥግ ጥጉን ሲያይ ቆየና፣

«አረቄውስ?» አለ።

«የለም።»

«ጠብታ እንኳ?»

«ጠብታ እንኳ።»

«እንግዲያ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ለዚህ ብረት ነው ምራቃችንን ስንውጥ የከረምነው?»

ከዚያ ዕቃውን ከሴሴልያ ተቀብሎ ሞከረው። ዝም አለ። ሃቭሊዲን ዝም ያሰኘ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰባት ሰው አየው፣ ሰባቱም ሞከሩት። ዛሬ ጠዋት ሃቭሊዲ የጓዳውን በር ሞላ ነቅሎ የራሱን መሥራት ጀምሯል። ሚስቱ በሩ አልዘጋ ብሏት ስትጮህ እዚህ ድረስ ይሰማል።

እንግዲህ ሞተ ማለት ነው፤ በእናንተ ሕግ።

«ለምን አላስፈረምካቸውም?» ትዪኛለሽ። ሰው ካየው በምስጢር እንዲይዝ የሚፈርምበትን ወረቀት ትተሽልኝ ሄደሻል፤ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሴሴልያን፣ አውራ ጣቷ በጨርቅ ታስሮ፣ ዘጠኝ ሳምንት ብርድ ውስጥ ካስቀመጥኳት በኋላ፣ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ልበላት? አልቻልኩም። ይህ ለሕግ ሰው መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሁሉም ሲሄዱ ወደቡ ጫፍ ድረስ ሄጄ ጓጉንቸሩን ወረወርኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት። ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ እዚህ የሚከፍተው ነገር የለም።

ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገሩ ቢደገም ያንኑ አደርጋለሁ፤ ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቅሽ ለሠራሁት ሳይሆን ላንቺ ለቀረብሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሌላ ሰው ወረቀት ይቅደም፤ ጥሩ ነገር የሠራ ሰው ይሁን። እኔ ኖቬምበር አንድ ቀን ባንዲራ እሰቅላለሁ። ሃቭሊዲ «የማን ልደት ነው?» ማለቱ አይቀርም። «ስቫላ የለፋችበት ቀን ነው» እለዋለሁ።

አሥራ አንዱን ገጽ እንዳትጥዪው። ላኪልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ሥዕል መጋዘኑ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። በዕድሜዬ የእጄን ሥራ እንደዚያ አስውቦ ያሳየኝ ሰው የለም።

ለገና ነይ። የምታልፊበትን ተራራ በረዶ አይዝጋብሽ፣ ነፋሱም ከኋላሽ ይሁን። የሱፍ ካልሲሽን አድርጊ። እናትሽ ብትኖር ካንቺ በላይ የምትኮራበት ነገር አይኖራትም ነበር፤ እኔም የለኝም።

አባትሽ ኮልቤን

ይህን ካሸግኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። አሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ አንድ ውሸት አለ፤ እኔ ነኝ ያጻፍኩሽ። ብረት አላጠረኝም። መጋዘኑ ሙሉ ብረት ነው። እጀታው ከመጀመሪያውም ለእኔ እጅ አልተለካም።

ቴምብር ስለሌለኝ ከሃቭሊዲ ልበደር ኮቴን ለብሻለሁ። በመስኮት ሳይ የመጋዘኑ መብራት በርቷል፤ ከጭስ መውጫውም ጭስ ይወጣል። እኔ አላበራሁትም። ቴምብሩ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ወደዚያ ልውጣ።