ከኋላ ወንበር

ልጄ ዕፀ ሕይወት፣ የስቶክሆልምን ብርድ መድኃኔዓለም ያቅልልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ እዚህ ኧርቪንግ ደህና ነን። የላክሽልኝ ሹራብ ልክክ አለልኝ። ሳልሽስ ተሻለሽ?

ቅዳሜ ከአባትሽ ጋር አዲስ አውቶሞቢል ልንሞክር መኪና መሸጫው፣ ዲለር ጋ ሄደን ነበር። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ ግን እሱ ከፊት ተቀመጠና እኔን ከኋላ አስገባኝ። አባትሽ ሲነዳ ሁልጊዜ አጠገቡ እንደምቀመጥ ታውቂያለሽ። "ምን ይላል?" ሲለኝ ታፔላውን አነብለታለሁ፤ መብራት ላይም "አረንጓዴ ነው፣ ሂድ" እለዋለሁ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የልጁ ራስ ከለለኝና ዝም አልኩ።

አባትሽ ቀዩን መብራት ጥሶ ገባ። አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ ለጥቂት ሳተን።

ዳር ይዞ ቆመ። መሪውን ሳይለቅ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "የሺ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?" አለኝ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚነዳው በእኔ ዓይን ኖሯል!

ለልጁ "ቀለሙን አልወደድኩትም" ብሎት ሳንገዛ ተመለስን። እኔም እስካሁን ምንም አላልኩትም።

ልጄ፣ ስትደውዪ ስለ ዓይኑ አታንሺበት፤ ሐኪም ጋ እኔ እወስደዋለሁ። አንቺ "አባዬ፣ እማዬ መንዳት ትማር" ብቻ በዪልኝ። ላንቺ እምቢ አይልም።

እመብርሃን በሰላም ታምጣሽ። ያኔ ከኤርፖርት እየነዳሁ የማመጣሽ እኔ ነኝ፤ አባትሽ በእኔ ቦታ ይቀመጣል።

እናትሽ የሺሃረግ