እትዬ አምስት ቃል፦ የአረጋውያን መርማሪዋ ነርስ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አራተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው ሦስት ዕቃ እንዲገዙ ተልከው ሁለቱን ብቻ ይዘው ይመለሱ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። በትምህርት ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ነርስነት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች ወለዱ። አባታችን እንደሚሉት፣ እናታችን እሺ ያሉት መጀመሪያ የእሳቸውን ደም ግፊት ለክተው ካረጋገጡ በኋላ ነው።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አንድ የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር ከቤት ወጥተው ሁለት ቀን ጠፉ። ቤተሰባቸው የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ያወቀው ያን ጊዜ ነበር። እናታችን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። በሚሠሩበት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀምጠው፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ የማስታወስ ችሎታ መመርመር ጀመሩ። ቀኑን ይጠይቃሉ፣ የሰዓት ሥዕል በወረቀት ላይ ያስስላሉ፣ አምስት ቃል ነግረው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሰው ይጠይቃሉ። ሰፈሩም "እትዬ አምስት ቃል" አላቸው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ላይ በሩቅ ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር። ስለዚህ የገዛ አማታቸውን በሰው ፊት ፈተኑ። አያታችን ሙሉ ነጥብ አምጥተው ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩት ከረሙ፤ ከዚያ ወረፋው ኮሪደሩን ሞላው።

በሁለተኛው ዓመት አሥራ አራት ሰው በተከታታይ ሙሉ ነጥብ አመጣ። እናታችን ደስ ብሏቸው ለሐኪሙ ሪፖርት ጻፉ። አሥራ አምስተኛዋ አሮጊት ግን ገና ስማቸውን ሲጠየቁ፣ "መሰላል፣ ሎሚ፣ ትራስ፣ በቅሎ፣ ደወል" ብለው መለሱ። ቢታይ፣ ቃላቱ ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፈዋል። የጻፉት አንድ ጡረተኛ የመጋዘን ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ሰው ፈተናውን እንዳይወድቅ ብለው እንዳደረጉት አልሸሸጉም። እናታችን ሪፖርቱን ቀደው ስድስት ዓይነት የቃላት ዝርዝር አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሕመሙ ሳይጠናበት ታወቀለት።

በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጡረታ ከወጡ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ለጉንፋን ብለው ክሊኒኩ ሄደው በመርማሪዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው "ቀጣይ" ሲሉ ተገኙ። ሁለት ሰው መርምረው ጨርሰው ነበር። ያሠለጠኗት ነርስ ራሳቸውን ፈተነቻቸው፤ ሠላሳ ከሠላሳ አመጡ። እኛ ተቃቀፍን። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

"ልጄ፣ ቃላቱን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ" አሏት። "ይሄ እኔን አይፈትነኝም። የማላውቀውን አምጪ።"

ከአዲሶቹ ቃላት አንዱን ብቻ አስታወሱ፤ እሱንም ቢሆን ማን መረጠው ብለው ተከራከሩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የአባታችንን እጅ እስከ በራችን ድረስ አለቀቁም።

ሕመማቸው በጊዜ በመታወቁ ስድስት ዓመት አብረናቸው ቆየን፤ አብዛኛውም መልካም ጊዜ ነበር። ማን እንደሚያስታምማቸው በራሳቸው አንደበት ወሰኑ፤ በየበሩ የክፍሉን ስም ጽፈው ለጠፉ፤ ይህንንም የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ጀመሩት። ረቂቃቸው "አራት ልጆች አሳድገዋል" ይላል። እኛ ሦስት ነን። ደንግጠን አራተኛው ማን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ "አባታችሁን ማን አሳደገው?" አሉን። አባታችንም አልተቃወሙም።

በመጨረሻዎቹ ወራት ስማችን ጠፋቸው። ቢሆንም ክፍላቸው የገባውን ሁሉ የእጁን አንጓ ይዘው የልቡን ምት ይቆጥሩ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ የታናሽ እህታችንን እጅ እንደያዙ ቆጠራው ቆመ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው በሐዘን ሸኝተዋቸዋል። እኛ ብንረሳ የማይረሳው አምላክ ነፍሳቸውን በስሟ ጠርቶ ያሳርፍልን።