እናትና ልጅ የሳሉት ሳሎን

አንቺ ቀበጥ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራውም ሰምሮልኛል። ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊና አብራት የምትኖር ልጇን ለየብቻ አነጋገርኩ። አንድ ቤት እየኖሩ ከተኳረፉ ወር አልፏቸዋል። የጥናታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፦ እያንዳንዱ ሰው ሳሎኑን ይስልና ማን የት እንደሚቀመጥ ያመለክታል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። እኔ ዝርክርኳ ግን ሁለቱን ወረቀቶች ስፌት መኪናው ላይ ጎን ለጎን ትቼ መቅረጫዬን ልሰበስብ ዞር አልኩ።

እናትየዋ አየቻቸው፤ ልጇም መጥታ አጠገቧ ቆመች። እያንዳንዷ ራሷን በሩ ጥግ፣ ሌላዋን መሐል ሶፋው ላይ አድርጋለች።

«በሩ ጋ ማን አስቀመጠሽ?» አለቻት ልጇን።

«አንቺ ነሻ! አንቺንስ፣ እማዬ?»

እናትየዋ ሶፋው ላይ የተቆለለውን ጨርቅ አነሳችና «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አለቻት።

ጥፋቴን ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ፤ ተቆጣኝ፣ አልከፋኝም። ከዚያ የእኛን ቤት ሳልኩ፦ አባዬ መሐል፣ እኔ በሩ ጋ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። እግረ መንገድሽን አባዬ ጋ ጎራ በይና ሳሎናችንን እንዲስል ወረቀትና እርሳስ ስጪልኝ፤ የእኔን ግን እንዳትነግሪው። መጥቼ ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ተሳስቼ አይደለም።