ሸረሪት የወረሰው ቤት

ሰኞ

«ቤቱን ሸረሪት ወርሶታል፤ ከእንግዲህ አልኖርበትም።» ባለቤቴ ትዕግስት ይህን ያለችው ለእህቷ ነው፤ በስልክ። ትናንት ማታ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ሸቤ ከተማ ወዳለችው እህቷ ሄደች።

ስለዚህ ችግሩ ሸረሪት ነው። ቀለል አለኝ ማለት ይቻላል። ሸረሪት መፍትሔ አለው።

ማክሰኞ

ሽንት ቤቱ በር ሥር አንዷን አገኘሁ። ስልኬ እንደሚለው፦ ድሯ ሥርዓት የሌለው ትብትብ ነው፤ የእንቁላሏ ከረጢት እሾህ ያወጣ ኳስ ይመስላል፤ ሆዷ ላይ ወገቡ የቀጠነ የሻይ ብርጭቆ የሚመስል ቀይ ምልክት አለ። ተዘቅዝቃ ስለምትንጠለጠል ሆዷ ወደ ላይ ነው። ሁሉም ልክ ነው። መርዘኛ ናት፤ ካልነኳት ግን አትነካም።

አከራያችን አዴ ዘይነባ ከኋላዬ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ተንበርክከህ ምን ታያለህ?»

«መበለት የሚሏት ሸረሪት ናት። ባሏን ትበላለች ይባላል።»

«ያ ረቢ! ርቧት ይሆናላ።» ቀጥለው «ትዕግስትስ መቼ ትመጣለች?» አሉኝ።

«ሸረሪቱ ሲጠፋ።»

ትክ ብለው አዩኝና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አዴ ዘይነባ ወሬ ሳይጨርሱ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ

የላስቲክ ጓንት፣ መጥረጊያ፣ በረኪና። ከውሃ ቆጣሪው ሳጥን አንድ። ከቦቲ ጫማዬ ውስጥ አንድ (ላደርገው ነበር)። አልጋ ሥር ምንም።

በጣም ብዙ ሸረሪት የተገኘው ከምግብ ጠረጴዛው ጋ ነው፤ ከሁለተኛው ወንበር ሥር። እናትየዋ ከነከረጢቶቿ። ይህች ሸረሪት ለረጅም ጊዜ ሰው ያልነካካውን ቦታ ትመርጣለች ይላል ስልኬ። ወንበሩ የትዕግስት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን እራት የበላነው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። መጥረጌን ቀጠልኩ።

ዓርብ

ደወልኩላት። ቤቱ ጸድቷል አልኳት።

«ጎሽ። ጓንት አድርገህ ነው?»

«አዎ።»

ስለ እጄ ጠየቀች፤ ይህን እንደ ድል ቆጠርኩት። መቼ ልጠብቅሽ ስላት መስመሩ ተቋረጠ። ሸቤ ኔትወርክ ደካማ ነው። መልሼ ስደውል ስልኳ ዝግ ነበር። መብራትም ጠፍቶ ይሆናል።

ቅዳሜ

አዴ ዘይነባ ሳልጠይቃቸው በሳህን ገንፎ አመጡልኝ። «ብላ፣ ማል ጎነ» አሉ፤ ምን እናደርጋለን እንደማለት። ሸረሪቱ አልቋል አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሐዘን ቤት በሚባልበት ድምፅ።

እሑድ

የቀረው ቁም ሳጥኑ ነው፤ በእሷ በኩል ያለው። ስትመጣ ሹራቧ ውስጥ ከረጢት እንዳታገኝ ብዬ ጓንቴን አጥልቄ፣ መጥረጊያዬን ይዤ፣ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

ሸረሪት የለም፤ ድርም የለም። ያሉት ማንጠልጠያዎቹ ብቻ ናቸው።