ለሶፊያ ያወራሁት ውሸት

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ተመልሰን ገባን። ጫማዬን ባራግፈው የወጣው አሸዋ አንድ ክፍል ቤት ይለስናል።

ሶፊያ፣ የልጄ ልጅ፣ ካርቱም ታሪክ ታጠና ነበር። ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲዋን ዘጋባትና አሁን እኔ ሱቅ የላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። "ጂዲ፣ ቢያንስ እዚህ ቅርባችን ያለውን የጥንት ፍርስራሽ ልየው" ብላ ስትለምነኝ ከረመች፤ ጂዲ አያቴ ማለቷ ነው። እዚህ ሱዳን ገዳሪፍ አርባ ዓመት ስኖር እኔም አይቼው አላውቅም። በሀፍላ፣ በአውቶቡሱ ማለቴ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ መስኮቱ አይከፈት፣ በሩ አይዘጋ።

ሙቀቱ ራስ ይበሳል። ሰው ደግሞ እንደ ገበያ ነው። ዓርብ ስለሆነ ለማየት የመጣ አለ። ከካርቱም ሸሽቶ መንገድ ላይ የቀረው በየግድግዳው ጥግ ጨርቅ ዘርግቶ ተኝቷል። ከዓምድ ወደ ዓምድ ገመድ ተወጥሮ ልብስ ተሰጥቷል።

ሶፊያ በሜትር ትለካለች፣ ትጽፋለች።

"ማን ሠራው?" አልኳት።

"ወላሂ ጂዲ፣ በትክክል አይታወቅም።"

የማይታወቅ ነገር ካገኘ የእኔ ምላስ አያርፍም። ከአንድ የድንጋይ ቅስት ሥር ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አስጎብኚ ሆንኩ። "ይህ የንግሥቲቱ በር ነው። ልጇ ጦርነት ሄዶ ቀረባት። ሦስት ድንጋይ ደርድራ፣ ከሰው እጅ ውሃ ሳትቀበል፣ እዚህ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን መጣላት። ከዚያ ወዲህ ሰው የጠፋበት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል።"

"ያ ከዳብ!" አለችኝ። ውሸታም ማለቷ ነው። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ያወራሁት በአማርኛ ነው። እዚህ አገር አማርኛችንን እንደ ጓዳችን እናየዋለን፤ ሌላ ሰው ያለበት አይመስለንም።

ስንወጣ ከግድግዳው ጀርባ አንዲት አንገተ ንቅሳት ሴት ብድግ አለች። ጎንበስ ብላ ድንጋይ ለቀመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አየሁ። ሀፍላው ጥሩምባውን ይነፋል። ነገ ትረሳዋለች ብዬ ተሳፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሶፊያ የቀራትን ልትለካ ማልዳ ብቻዋን ሄደች። ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሰች፤ ሱቁ በር ላይ ቆማ አልገባም አለች።

"ሴትዮዋ እዚያው ናት። ውሃ ብሰጣት እጄን ገፋችው።"

ሱቁን ዘግቼ ወደ ፍርስራሹ ሄድኩ።

ስሟ አለምነሽ ነው። ካርቱም ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ከተማውን ለቅቀው ሲወጡ ልጇን ሀብታሙን ኬላ ላይ ታጣቂዎች ከመኪና አወረዱት፤ ስልኩን ነጠቁት። "አንቺ ሂጂ እማዬ፣ እደርስብሻለሁ" አላት። ስምንት ወሩ። ይህን ስትነግረኝ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል።

እውነቱን ልነግራት ነበር የሄድኩት። በአላህ ስም ምዬ ነበር የሄድኩት። አፌን ከፍቼ ያልኩት ግን ይህ ነው፦ "ሽበት ካለው ሰው እጅ ከሆነ ይፈቀዳል።"

ጠርሙሱን ሙሉ ጠጣች። ከዚያ "አባባ፣ እርስዎን የላከልኝ ፈጣሪ ነው" ብላ እጄን ሳመችኝ።

አልሞተችም። በዚህ ልደሰት? ውሸቱንም አብሬ አጠጣኋት። ሶፊያ እራቱን አቅርባልኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ሦስተኛው ቀን። ጠዋት ከሀፍላው ስወርድ አስናቁ የምትባል፣ ከካርቱም ጀምሮ አብራት የተሰደደች ሴት ጠበቀችኝ።

"ሽማግሌው እርስዎ ነዎት? ነገ ሎሪ ወደ መተማ ይወጣል። የአለምነሽ እህት ጎንደር ሆና በር በሩን እያየች ነው። እሷ ግን 'አባባ ነግረውኛል፣ ዛሬ ይመጣል' ትለኛለች። በእርስዎ ቃል ነው የተቀመጠችው።"

አለምነሽ ፀጉሯን አበጥራለች። ፊቷን ታጥባለች። ልጇን ልትቀበል።

ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። ንግሥት የለችም። በሩም የማን እንደሆነ አይታወቅም። የልጄን ልጅ ለማሳቅ የፈጠርኩት ነው። የሽበቱንም ነገር ትናንት እዚሁ ፈጠርኩት።

እርግማን ጠበቅሁ። ድንጋዮቹን ብቻ ታያለች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦

"ታዲያ የት ልጠብቀው?"

አስናቁ ናት ያዳነችኝ። "እህትሽ ቤት ጠብቂው! እዚህ ደርቀሽ ቢያገኝሽ ደስ ሊለው ነው?" ብላ ጮኸችባት።

አለምነሽ አንዱን ድንጋይ አንስታ ወረወረችው። ወደ እኔ አልነበረም። ቢሆንም አልሸሽም ነበር።

ትሄድ አትሄድ አላወቅሁም። ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሎሪው በእኛ ገበያ በኩል ያልፋል። ከሶፊያ ጋር ቆመን ጠበቅን። አለምነሽ ከጆንያው ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። እኔን ሰላም አላለችኝም። ሶፊያን ጠርታ አስጻፈቻት፦ ሀብታሙ፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ የእህቷ ስልክ።

ሎሪው ሲነሣ ወደ እኔ ዞረች። አባባ ማለት ቀርቷል።

"አንተ ሰውዬ! ሱቅህ መንገድ ዳር ነው አሉ።"

"ነው።"

"እንግዲያ አንተ ጠብቀው።"

አቧራው ሸፈናት።

የጫማ ካርቶን ቀደን ስሙን በአማርኛና በአረብኛ ጻፍን፤ በሩ ላይ ሰቀልን። ሦስት ጫማ ሸጠናል። ያለፈውን ወጣት ሁሉ ግራ ቅንድቡን ሳይ ዋልኩ፤ አንዱ ምን ታፈጣለህ ብሎ ተቆጣኝ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ፣ ከረጢት የተሸከመ፣ ካርቶኑ ፊት ቆመ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቅንድቡን አየሁ፤ ግን ዕድሜው አይገጥምም።

"ታውቀዋለህ?" አልኩት።

"አላውቀውም" አለ። ከረጢቱን አወረደ። "ከሥሩ ቦታ ካለ የሚስቴን ስም ጻፉልኝ።"

ቦታ አልነበረም። ሶፊያ ሁለተኛውን ካርቶን እየቀደደች ነው።