ከሰርኬ ጋር የተጫወትኩት ፍጻሜ

ቤቴል፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ዱባለ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። የጆሃንስበርግ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሱቁስ? እኛ ደህና ነን። እናትህ እንዳሉ ናቸው፤ ግራ ጎናቸው አልተመለሰም። እኔና እህትህ ሰርኬ እየተጋገዝን አንስተን እናጥባቸዋለን። አንዳችን ከወጣን ሌላችን ቤት እንቀመጣለን። አንተ በደወልክ ቁጥር «ወደዚህ የምትመጪበት ወረቀትሽ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ታገሺ» ትለኛለህ፤ እኔም እታገሣለሁ።

ቅዳሜ ግን ሁለታችንም አብረን ወጣን። እናትህን ጎረቤታችን ገነት ጠበቀችልን። 18 ማዞሪያ ሰፈር የወረዳው የሴቶች ቼዝ ፍጻሜ ነበር፤ ለፍጻሜ የደረስነው ደግሞ እኔና ሰርኬ። ያስተማርከን አንተ ነህና ደስ ይበልህ። ያሸነፈች ለአንድ ሳምንት ውድድር ሀዋሳ ትሄዳለች። የተሸነፈች እናትህ ጋ ትቀራለች። ይህን አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ሰርኬ ገና ከጅምሩ አነቀችኝ። ንጉሤን ጥግ ላይ በገዛ ወታደሮቼ መሀል አፈነችው። የቱንም ባንቀሳቅስ የባሰ ነው። ቶሎ ልጨርሳት ብላ ስትቸኩል ግን ፈረሷን ያለ ጠባቂ ተወችው። በላሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ እሷም ገባት።

ዳኛው ዘወር ሲል «ሩሃማ፣ ከሄድሽ ትመለሻለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አንድ ሳምንት እኮ ነው።»

«ዱባለም አንድ ዓመት ብሎ ነው የሄደው።»

አቻ እንውጣ ልላት ቃጣኝ፤ እጄ ግን ንግሥቴን አነሳ። «ቼክሜት» ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሰርኬ ንጉሧን አስተኝታ ጉንጬን ሳመችኝ። ታክሲ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ቤቴል አለቀሰች።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ሻንጣዬን እየሞላችልኝ አገኘኋት። ያለኝን ልብስ ሁሉ ከትታዋለች፤ የክረምት ካፖርቴን፣ የነርስነት ዲፕሎማዬን ሳይቀር።

«ለሳምንት ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት።

«ያዢው» አለች፣ ቀና ሳትል። «አንዳችን እንኳን እንውጣ።»

ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ስለ ወረቀቱ አትጨነቅ። እናትህን ደውልላቸው፤ መናገር ቢያቅታቸውም ድምፅህን ይለያሉ። ለሰርኬ የምታግዛት ሰው ቅጠርላት፤ ብቻዋን አታነሳቸውም።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

ሩሃማ