ስብሰባው አልበተን አለ

ብርሃኔ፣ ጉለሌ ገብቼ ሳቅ ሊገድለኝ ነው! አጎቴ የቀበሌ ሊቀመንበር አይደሉ? «እሁድ አዳራሹ ካልሞላ ትወርዳለህ» ቢባሉ፣ ቄሱን ለምነው ምእመናኑን ከቅዳሴ ቀጥታ ወደ አዳራሹ አስመጡ። የእኛ የፍቼው ቄስ ካድሬ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ የዚህኛው ግን ሰው ይሰበስቡለታል።

ካድሬው «ሃይማኖትና ፖለቲካ ተለያይተዋል!» ብሎ ንግግሩን ጨረሰ። ማን ይነሳ! ሽማግሌዎቹ የለመዱት ቄስ ሲያሰናብታቸው ነው። ካድሬው ደግሞ ንግግሩን የወደዱት መስሎት ሌላ አንድ ሰዓት ጨመረ። በመጨረሻ አጎቴ በላብ ተጠምቀው ተነሱና እንደ ቅዳሴ ማሰናበቻ በግዕዝ «እትዉ በሰላም!» አሉ። አዳራሹ ባንዴ ባዶ ሆነ።

«ምንድን ነው ያልከው ጓድ?» አለ ካድሬው።

«የቀበሌያችን መፈክር ነው፣ ጓድ!»

ካድሬው ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ አጎቴም ይኸው ከነሊቀመንበርነት ወንበራቸው አሉ።

ለእናትሽ ለእትዬ ታየች ሰላም በዪልኝ፤ ይህን ፖስትካርድ ግን ለአባትሽ እንዳታሳዪ፤ ወሬው ካድሬ ጆሮ እንዳይደርስ። ቦታ አለቀብኝ፣ ናፍቀሽኛል!

ደራርቱ